ከጀርባው ማን አለ?

ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖቻችን ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

እኛ ስለ ፖለቲካ ስናወራ ቶሎ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች። አንድ ሰው ተነስቶ ሐሳቡን ይናገራል። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ጎናችን ወደተቀመጠው ሰው ዘወር እንላለን። "ከጀርባው ማን አለ?" ብለን እንጠይቃለን።

ጥያቄዋ ከሜዳ አልመጣችም። ብዙ ጊዜ ተከድተናል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚባለውም ከልምድ የወጣ ነው። እኔም ጥያቄዋን አልንቃትም፤ እንዲያውም መጠየቅ አለባት እላለሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ይህች ጥያቄ ብቻዋን ስትቀር፣ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ሲረሳ፣ ምን እንደሚከተል ነው።

ለዚህ የመረጥኩት ጉዳይ የእኛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኢራን የኒውክሌር ስምምነት ላይ የተደረገው ክርክር ነው። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። በራሳችን ጉዳይ ስንነጋገር ደማችን ቶሎ ይፈላል። የሌላውን ሰው ጉዳይ ግን ረጋ ብለን ማየት እንችላለን። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እኛም ቤት ገብቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጁላይ 14 ቀን 2015 ቪየና ላይ ኢራን ከስድስት መንግሥታት ጋር ተስማማች። ስድስቱ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ቻይና ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት አስተባባሪ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ኢራን ዩራኒየም የምታበለጽገው እስከ 3.67 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ነዳጅ የሚበቃ መጠን ነው። ለቦምብ የሚፈለገው 90 በመቶ ገደማ ነው። በእጇ የሚቀረው የበለጸገ ዩራኒየም ከ300 ኪሎ አይበልጥም። ዩራኒየሙን እያሾሩ የሚያበለጽጉት ማሽኖች፣ ሴንትሪፉጅ የሚባሉት፣ ከ19 ሺህ ገደማ ወደ 6 ሺህ ገደማ ይወርዳሉ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች ገብተው ያያሉ። ኢራን በበኩሏ ማዕቀብ ይነሳላታል።

ገደቦቹ ግን ዘላለማዊ አልነበሩም። አንዳንዱ 10 ዓመት ነው፣ አንዳንዱ 15 ዓመት። የክርክሩ እሾህ እዚህ ጋ ነበር። "ከዚያስ በኋላ?" የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ስምምነቱን ለማየት ቀድሞ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሜይ 2015 ላይ ሴኔቱ ሕጉን 98 ለ1 አሳለፈው። በሕጉ መሠረት ኮንግረሱ 60 ቀን ይኖረዋል። መርምሮ ውድቅ ለማድረግ ድምፅ መስጠት ይችላል። እነዚያ 60 ቀናት ለሎቢስቶች፣ የሕግ አውጪዎችን ድምፅ ወደ አንድ ወገን ለመሳብ ለሚሠሩት ሰዎች፣ እንደ ፋሲካ ዋዜማ ገበያ ነበሩ።

ያን ሰመር እዚህ አካባቢ የነበራችሁ ቴሌቪዥኑን ታስታውሳላችሁ። እኔ ማታ ማታ ዜና ስጠብቅ አንዱ ማስታወቂያ ሲያልቅ ሌላው ይተካ ነበር። ስለ ሳሙና አልነበረም፣ ስለ መኪናም አልነበረም። ስለ ዩራኒየም ነበር። አይፓክ የተባለው የእስራኤል ወዳጆች ሎቢ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ድርጅት አቋቋመ። ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለማስታወቂያ እንደሚያወጣ በወቅቱ ተዘግቧል። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባሎቹ ከየግዛቱ ዋሽንግተን መጥተው የሴናተሮቻቸውን ቢሮ አንኳኩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ማርች 3 ቀን፣ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንጃሚን ኔታንያሁ ራሳቸው መጥተው ለኮንግረሱ ንግግር አድርገው ነበር። የጋበዟቸው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር ነበሩ። ዋይት ሐውስን ግን አላማከሩም። እስራኤል ምርጫ ልታካሂድ የቀራት ሁለት ሳምንት ነበር። ከ50 በላይ ዴሞክራቶች በንግግሩ ላይ አልተገኙም። የሌላ አገር መሪ በአሜሪካ ምክር ቤት ቆሞ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ፖሊሲ ሲቃወም ብዙ ሰው ደነገጠ።

መደንገጣቸው ልክ ነው እላለሁ። ግን እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩን ግማሹን ብቻ አወራን ማለት ነው።

ከዚያ ንግግር ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 2015 ላይ፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ዋሽንግተን መጥተው ነበር። ለአሜሪካ ሴናተሮች እንደደወሉ በግልጽ ተናገሩ። ለምን ደወሉ? ድርድሩ እየተካሄደ አዲስ ማዕቀብ እንዳይጥሉ ለመጠየቅ ነው። ኦገስት ላይ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የሩሲያና የቻይና አምባሳደሮች ሴናተሮችን ሰብስበው አነጋገሩ። "ከዚህ የተሻለ ስምምነት አታገኙም" አሏቸው። ይህስ የውጭ ተጽዕኖ አይደለም? ነው እንጂ። የሩሲያና የቻይና አምባሳደር የአሜሪካን ሴናተር ድምፅህን እንዲህ ስጥ ሲል ከዚህ በላይ ምን ተጽዕኖ አለ? በዚያን ጊዜ ግን ስምምነቱን የሚደግፈው ወገን ስለ ካሜሮን ስልክ ብዙም አልጮኸም። ስምምነቱን የሚቃወመውም ስለ ኔታንያሁ ጉብኝት አልጮኸም። ሁሉም የሚያየው የሌላውን እንግዳ ብቻ ነበር።

የደጋፊዎቹንም ገንዘብ እንይ። ፕላውሼርስ የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ስምምነቱን ለሚደግፉ ቡድኖች ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። ጄ ስትሪት የተባለው ሌላው የአይሁድ ሎቢ ከ570 ሺህ ዶላር በላይ አግኝቷል። ለአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮም 100 ሺህ ዶላር ተሰጥቷል። ይህ ሁሉ በሰፊው የታወቀው በ2016፣ ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ኦባማ አማካሪ ቤን ሮድስ ለአንድ መጽሔት የሰጡት ቃል ብዙ አነጋገረ። ከውጭ ሆነው ሲታዩ ገለልተኛ የሚመስሉ ባለሙያዎች ከዋይት ሐውስ የተሰጣቸውን ሐሳብ መልሰው ያሰሙ እንደነበር ተናገሩ። "የገደል ማሚቶ ፈጠርን" ነው ነገሩ። ዋሻው አፍ ላይ አንዱ ይጮሃል፣ አድማጩ አስር ሰው የተናገረ ይመስለዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ስምምነቱን ደግፌ ነበር። ይህን ሳነብ ግን ተናደድኩ። ያኔ ያነበብኳቸውን ጽሑፎች መልሼ አየኋቸው። የትኛው የጸሐፊው ሐሳብ ነበር? የትኛው የተቀበለው? ክርክሩ ሐቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የመለየት መብቴን ተነፍጌ ነበር።

የድምፁን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2015 ስምምነቱን ለማፍረስ የቀረበው ሐሳብ ሴኔት ውስጥ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 58 አገኘ። በ42 ሴናተሮች ምክንያት ስምምነቱ ጸና። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ድምፁን አልገዛውም። "ሎቢው አሜሪካን እንደፈለገ ይነዳታል" የሚሉ ሰዎች ይህን ቀን ሊያስታውሱት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በዚያ ክርክር ያዘንኩበት ነገር ገንዘቡ አይደለም። ስድቡ ነው። ስምምነቱን የተቃወሙት ሴናተር ቻክ ሹመር ምክንያታቸውን ረጅም አድርገው ጻፉ። ሹመር አይሁዳዊ ናቸው። አንዳንዱ ምክንያታቸውን ከማንበብ ይልቅ "ታማኝነቱ ለየትኛው አገር ነው?" ብሎ ጠየቀ። በሌላው ወገን ስምምነቱን የደገፉ ኢራናውያን አሜሪካውያን "የቴህራን አፍ" ተባሉ። እናታቸው ቴህራን ስለምትኖር፣ መድኃኒት በማዕቀብ ምክንያት ስለጠፋባት የደገፉም ነበሩ። ማን ይስማቸው? የእኛ አገር ቃል ይህን ሁሉ በአንድ ይጠቀልለዋል። ባንዳ።

ቴህራን ውስጥም ያው ነበር። የአቶሚክ ድርጅቱ ኃላፊ አሊ አክባር ሳሌሂ ስለ ስምምነቱ ለፓርላማው ሊያስረዱ ሄዱ። አንድ የፓርላማ አባል እንደሚገድላቸውና አስከሬናቸው ላይ ሲሚንቶ እንደሚያፈስ ዝቶባቸው እንደነበር ራሳቸው ተናገሩ። ከተደራዳሪው ቡድን ጋር የሠራ ዶሪ ኢስፋሃኒ የተባለ የባንክ ጉዳይ ባለሙያ በስለላ ተከሶ 5 ዓመት ተፈረደበት። የሚገርመው የአገሪቱ የደኅንነት ሚኒስትር ራሳቸው "ይህ ሰው ሰላይ አይደለም" ብለው ነበር። አልጠቀመውም።

እንግዲህ አስቡት። በሁለት ጠላት አገሮች፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ምክንያት፣ ሁለቱም ወገን የራሱን ሰው "የጠላት ተላላኪ" እያለ ይከስ ነበር።

ስለ አንድ ቡድን ላውራችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሙጃሂዲን ኸልቅ ይባላል። ኢራናዊ የተቃዋሚ ቡድን ነው። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ ከሳዳም ሁሴን ጎን ቆሞ የገዛ አገሩን ወግቷል። ስለዚህ መንግሥቱን የሚጠሉ ብዙ ኢራናውያንም ይህን ቡድን አይወዱትም። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2012 በአሸባሪዎች መዝገብ ላይ አስፍራው ነበር። በዚያው መዝገብ ላይ እያለ ግን ትልልቅ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ቡድኑን በሚደግፉ ስብሰባዎች ላይ እየተገኙ ንግግር ያደርጉ ነበር። ለአንድ ንግግር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላቸው ነበር። በ2012 የገንዘብ ሚኒስቴር ክፍያውን መመርመር ጀመረ። ጆን ቦልተን በ2017 በእነሱ መድረክ ላደረጉት ንግግር 40 ሺህ ዶላር እንደተቀበሉ በሀብት ማስመዝገቢያቸው ላይ ጽፈዋል። ኤፕሪል 2018 ላይ የፕሬዚዳንት ትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 8 ቀን፣ አሜሪካ ከስምምነቱ ወጣች።

ይህን ስትሰሙ "ከጀርባው ማን እንዳለማ ታወቀ" ትላላችሁ። ቆዩ።

ኦገስት 2002 ላይ የዚሁ ቡድን የፖለቲካ ክንፍ እዚሁ ዋሽንግተን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጠ። ኢራን ናታንዝና አራክ በተባሉ ቦታዎች ያላሳወቀቻቸው የኒውክሌር ተቋማት እየሠራች ነው አለ። ሰዎቹን ማን ያምናል? ከሳዳም ጋር የተዋጉ፣ በአሸባሪነት የተመዘገቡ፣ ገንዘባቸው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ። መረጃውን ያቀበላቸው የእስራኤል ስለላ ነው ብለው የጻፉም ጋዜጠኞች አሉ። ኢራንን ከመጉዳት ሌላ ዓላማ አልነበራቸውም።

ያሉት ግን እውነት ነበር። በ2003 መጀመሪያ የአቶሚክ ኤጀንሲው ሰዎች ናታንዝ ሄደው በዓይናቸው አዩት። መሬት ውስጥ የተቆፈረ ግዙፍ አዳራሽ፣ ሴንትሪፉጅ የሚተከልበት። ከዚያ በኋላ የመጣው ድርድር ሁሉ፣ ቪየናን ጨምሮ፣ መነሻው ያ መግለጫ ነው።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አንድ ቡድን ነው፤ ያው ቡድን። በ2002 እውነት ተናገረ። በሌላ ጊዜ ገንዘብ እየከፈለ መድረክ ላይ አጨብጫቢ ሰበሰበ። "ከጀርባው ማን አለ?" ብለን ብቻ ብንፈርድ ኖሮ ናታንዝን አናውቀውም ነበር። ጨርሶ ባንጠይቅ ደግሞ የ40 ሺህ ዶላሩን ንግግር እንደ ገለልተኛ ምክር እንሰማው ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ማን ላከህ? የምትለው እውነት ነው? የአንዱ መልስ ለሌላው መልስ ሊሆን አይችልም።

የአሜሪካ ሕግ ይህን በደንብ የገባው ይመስለኛል። በ1938 የወጣ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ አለ። መነሻው የናዚ ጀርመን ፕሮፓጋንዳ ነው። አይቪ ሊ የተባለ ዝነኛ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አይ ጂ ፋርበን ለተባለው የጀርመን ኩባንያ ሲሠራ ቆይቶ በ1934 ኮንግረሱ ፊት ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው ሕጉ ለውጭ መንግሥት መሥራትን የሚከለክል ይመስለዋል። አይከለክልም። ሕጉ የሚለው "ተመዝገብ" ነው። ማን እንደሚከፍልህ፣ ስንት እንደሚከፍልህ፣ ማንን እንዳነጋገርክ ጻፍ። በየስድስት ወሩ ሪፖርት አቅርብ። የምታሰራጨው ወረቀት ላይ የማን ወኪል እንደሆንክ ይታይ። ከዚያ የፈለግከውን ተናገር። ወንጀሉ መደበቁ ነው።

ሕጉ ቀዳዳ አለው። ታሪኩም ቀላል አይደለም። በ1962 የፍትህ ሚኒስቴር የአሜሪካ ጽዮናዊ ምክር ቤት የተባለውን ድርጅት እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር፤ ምክንያቱም ከውጭ ገንዘብ ይመጣለት ነበር። አይፓክ ራሱን ችሎ የቆመው በዚያን ሰሞን ነው። ዛሬ አይፓክ በዚህ ሕግ አልተመዘገበም፤ ገንዘቤ ከአሜሪካ ዜጎች ነው ይላል። መመዝገብ ነበረበት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አንድ አሜሪካዊ በራሱ ገንዘብ ለሚወደው አገር ቢከራከር መብቱ ነው እላለሁ። የእኛም መብት ነው። ኤፕሪል 2018 ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኤችአር 128 የተባለው ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ከእናንተ ስንቶቻችሁ ስልክ ደውላችኋል? አውቶቡስ ተኮናትራችሁ ኮንግረስ ደጅ የቆማችሁም እዚህ አላችሁ። ያ ሎቢ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የከፋው ቀዳዳ የጥናት ተቋማቱ ነው። በ2014 እንደተዘገበው ኳታር ብሩኪንግስ ለተባለው የዋሽንግተን የጥናት ተቋም በአራት ዓመት 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምታ ነበር። ተቋሙ ጥናታችን ነፃ ነው ብሏል። ይሆናል። ግን ባለሙያው ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ስለ ባሕረ ሰላጤው ሲመሰክር፣ ወይም ቴሌቪዥን ላይ "ገለልተኛ ተንታኝ" ተብሎ ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ይህን ሊያውቅ ይገባው ነበር። የተመዘገበው ሎቢስት ቢያንስ ስሙ መዝገብ ላይ አለ። የጥናት ተቋሙ ሰው ክራቫቱን አስሮ ይመጣል፣ ከጀርባው ያለው ግን በትንሽ ፊደል ዓመታዊ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ እንዳልኩት።

ሴናተር ቦብ ሜነንዴዝን ታውቋቸዋላችሁ። ከኒው ጀርሲ ናቸው። የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። በ2015 የኢራንን ስምምነት ከተቃወሙት አራት ዴሞክራቶች አንዱ ነበሩ። በ2022 የፌዴራል መርማሪዎች ቤታቸውን ሲፈትሹ ከ480 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና የወርቅ ጡቦች አገኙ። ጁላይ 2024 ላይ በጉቦና ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆኖ ለመሥራት በማሴር ጭምር ጥፋተኛ ተባሉ። 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

በክሱ ውስጥ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ኤፕሪል 2020 ላይ ሜነንዴዝ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና ለገንዘብ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ጉዳዩ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድርድር ነው። ድርድሩ ቆሟልና አሜሪካ ይበልጥ ትግባበት የሚል ነው። ዓቃቤ ሕግ ይህን ደብዳቤ ከግብፅ ጥቅም ጋር አያይዞ አቅርቦታል። እኔ ይህን ሳነብ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። እናቴ ለግድቡ ቦንድ የገዛችው ከጡረታዋ ቆንጥራ ነው። እዚህ ደግሞ አንድ ሴናተር ማን እንዳለው ሳይናገር ደብዳቤ ይጽፋል።

ግን ለራሳችንም ሐቀኛ እንሁን። የሜነንዴዝ ጥፋት ስለ ግድቡ መጻፋቸው አይደለም። ሌላ ሴናተር በራሱ እምነት ያንኑ ደብዳቤ ቢጽፍ ሐሳቡን በሐሳብ እንመልስለት ነበር። ጥፋታቸው መደበቃቸውና መቀበላቸው ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የተፈረደባቸው ነገር ከ2018 ወዲህ የሆነ ነው። "ስለዚህ በ2015 ኢራንን የተቃወሙትም ተከፍሏቸው ነው" ብንል ማስረጃ የለንም። ያኔ ያነሱት ጥያቄ፣ ከ10 ዓመት በኋላስ የሚለው፣ ዛሬም ራሱን ችሎ የቆመ ጥያቄ ነው። የሰውየው መታሰር ጥያቄውን አያስረውም።

ግብፅም ኢትዮጵያም በግልጽ ሎቢስት ቀጥረዋል። ግብፅ በ2020 መጨረሻ አንድ ትልቅ ድርጅት በወር 65 ሺህ ዶላር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2021 መጀመሪያ ሌላ ድርጅት በወር 35 ሺህ ዶላር ተዋውለዋል። ይህን እንዴት አወቅኩ? ሁለቱም መዝገብ ላይ አለ። የፍትህ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የአገሩን ስም ስትጽፉ ውሉ ከነፊርማው ይመጣል። ማንም በስልኩ ሊያየው ይችላል።

በ2021 እኔም የራሴ ገጠመኝ አለኝ። ጦርነቱ ጊዜ ነው። ለተወካዬ ቢሮ ደውዬ ስለ ማዕቀቡ ያለኝን ተናገርኩ። ስለ ተራቡት ሰዎችም ያለኝን ተናገርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንዱ ወገን "የመንግሥት ተላላኪ" ተባልኩ፣ ከሌላው ወገን "ባንዳ" ተባልኩ። ያንን ያሉኝ ሰዎች ሰርጌ ላይ የጨፈሩ ናቸው። የተናገርኩት ትክክል ነው ስህተት ነው ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የሹመርንና የእነዚያን ኢራናውያን ነገር ያስታወስኩት።

የስምምነቱ መጨረሻ ምን ሆነ? አሜሪካ በ2018 ወጣች። በ2015 ቶም ኮተን የተባሉ ሴናተርና 46 ባልደረቦቻቸው ለኢራን መሪዎች በጻፉት ደብዳቤ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ስምምነቱን በአንድ ብዕር ሊሰርዘው ይችላል ብለው ነበር፤ ያሉት ሆነ። ኢራን ቆይታ ገደቡን መጣስ ጀመረች። በ2021 እስከ 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች። ጁን 2025 ላይ እስራኤል፣ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ናታንዝ፣ ፎርዶና ኢስፋሃን ያሉትን የኒውክሌር ተቋማት ደበደቡ። በጦርነቱ ዋዜማ ኢራን 60 በመቶ የበለጸገ 440 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም እንደነበራት ኤጀንሲው ገምቷል። በስምምነቱ ጊዜ የተፈቀደላት 300 ኪሎ ነበር፤ ያውም 3.67 በመቶ። እኔ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ መውጣቱ ስህተት ነበር እላለሁ። ይህን የምለው ሎቢ ስለነገረኝ አይደለም፤ ቁጥሮቹን እናንተም ልትመዝኗቸው ትችላላችሁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያለቀው። ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው።

"ልጄ፣ አንተስ? ከጀርባህ ማን አለ?"

አዳራሹ ዝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና እንዲህ ብዬ መለስኩ። "ጋሼ፣ ለዛሬው ንግግር ማንም አልከፈለኝም። ከኤምባሲም ከፓርቲም ያነጋገረኝ ሰው የለም። በ2015 ስምምነቱን ደግፌ ለሁለቱም ሴናተሮቼ ጽፌያለሁ። ለግድቡ ገንዘብ አዋጥቻለሁ፣ በ2021 ሁለት ጊዜ ሰልፍ ወጥቻለሁ። ስለ ሜነንዴዝ ስናገር ይህ ሁሉ እንዳለብኝ አውቀው ይስሙኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡት።

"እሺ፣ ሰማሁ። አሁን ስለዚያ 10 ዓመት ንገረኝ። ገደቡ ሲያልቅ ያው ቦምቡ አይቀርም ነበር እኮ። ያልከው አልተዋጠልኝም።"

በእሱ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆየን።